ያጠበቅኩት ክዳን

ከአንድ ክዳን ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። የአሠሪዬ የማዳሜ አሮጌ መኪና የራዲያተር ውሃ የሚጠራቀምበት የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ነበር፤ ከጡጫዬ የማይበልጥ ጥቁር ነገር።

መኪናዋ ውሃ ታፈሳለች። ማዳሜ ጋራዥ ከመውሰድ ይልቅ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። በየጠዋቱ በረንዳውን አጥቤ ስጨርስ፣ ራስ ቤሩት የሚባለው ሰፈር ካለው ሕንፃችን ሥር ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ ውሃ እሞላለሁ። ስለ ክዳን የማውቀው ደግሞ ራሷ ያስተማረችኝን ነው። በየዓመቱ መክዱስ እንሠራለን፤ ትንንሽ ደበርጃን በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ሞልተን በዘይት እንዘፈዝፋለን። የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ አየር ከገባ ይሻግታል፣ ከሻገተ ቁጣው ለእኔ ነው። ስለዚህ የላስቲክ ጓንት አጥልቄ፣ ጠርሙሱን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የማጠብቀው። የመኪናውንም እንደዚያው ሳጠብቅ ኖርኩ፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን መንገድ ስለምንወጣ ከወትሮው አብዝቼ አጠበቅኩት። ተይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ጓደኛዬ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ አገሯ የምትገባበት ቀን ነበር። ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ስድስት ዓመት ሠርታለች። እሷ በእሷ በረንዳ፣ እኔ በእኔ፣ ልብስ እያሰጣን ያላወራነው ነገር የለም። እናቴ የሞተች ጊዜም ያለቀሰችልኝ እሷ ናት፣ እዚያው በረንዳዋ ላይ ቆማ። አሠሪዋ ብቻዋን ስለማታስወጣት ግን አንድም ቀን ተቃቅፈን አናውቅም። የፈለግኩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ኤርፖርት በር ላይ አንዴ አቅፌ ልሸኛት።

ቅዳሜን ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ከኻልዴ አለፍ ብሎ ባለው የማዳሜ እናት ቤት ስናጸዳ ዋልን፣ እዚያው አደርን። ማዳሜ «ነገ ስንመለስ በኤርፖርት እናልፋለን፣ ሰላም ትያታለሽ» ብላ ቃል ገብታልኛለች። ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ፣ በዐረቦቹ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ ትገባለች።

እሑድ ቀትር ላይ ልንነሣ ስንል ክዳኑን ልከፍት ብሞክር ንቅንቅ አልል አለኝ። ዕቃው በእርጅና ቢጫ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ማዳሜ ከመስኮት «ውሃ አለው?» ስትል፣ አይከፈትም ብላት ሠሪ ፍለጋ ሰዓቱ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

«አለው፣ ማዳም» አልኩ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኻልዴ ስንደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ውስጥ ገባ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ፣ ማዳሜ እየጮኸች ከአንድ ሙዝ ሻጭ ሽማግሌ አጠገብ አቆመች። ኤርፖርቱ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነበር። በዐረቦቹ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

«ውሃ አለው ብለሽኛል፣ ያኒ፣ ማለትም ዋሸሽኝ?» አለች ማዳሜ።

ሮጬ ክዳኑን ልይዝ ስል ሽማግሌው ጮኸብኝ፤ እንደጋለ ከከፈትሽው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል አለ። ቆመን ጠበቅን። ሞተር እስኪበርድ እንደ መጠበቅ የሚያናድድ ነገር አላየሁም፤ መስደብ አይቻል፣ ማጣደፍ አይቻል።

ጓደኛዬ ደወለች። «የት ደረስሽ? በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

«መጣሁ፣ መጣሁ» አልኳት።

ሲበርድ በሻሼ ጠቅልዬ አዞርኩት። እምቢ። ጓንት አጥልቄ ሞከርኩ፣ እምቢ። ሽማግሌው ፒንሳ አምጥቶ ቢይዘው ጠርዙ ተሰበረና የሚያዝበት እንኳን ቀነሰ። «ማነው እንዲህ ያሰረው?» ሲል ማዳሜ በጣቷ አሳየችው። «እሷ ናት ያጠበቀችው፣ እሷ ትክፈተው» አለች። ደሜ ፈላ። በራሴ እጅ ነው ያጠበቅኩት፣ በራሴ አፍ ነው የዋሸሁት፣ ታዲያ ማንን ልቆጣ? መዳፌ ተልጦ ደም አውጥቷል፣ እኔ ግን ክዳኑን እየሰደብኩ አዞራለሁ። በአማርኛ ስለሆነ ማዳሜ አልሰማችኝም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዕቃውን ግጥም አድርጎ ያዘልኝ፣ እኔ በሁለት እጄ በሙሉ ክብደቴ ተጠመዘዝኩ፣ ክዳኑ ጮኾ ተከፈተ። ማዳሜ ውሃ ስትሞላ ስልኬ ጠራ።

«ገባሁ፣ እህቴ» አለች ጓደኛዬ። ድምጿ ሌላ ሆኗል። «ከዚህ በኋላ አያስወጡም። ምን ሆነሽ ነው?»

«መኪና ተበላሽቶብን። ኻልዴ ነን።»

«ኻልዴ? ይሄ እዚህ ያለው ኻልዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰርቪስ አትይዢም ነበር?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አስፋልቱን አየሁ። ሰርቪሶቹ፣ በየመንገዱ ሰው የሚጭኑት ታክሲዎች፣ ተሳፋሪ ፍለጋ ጡሩምባቸውን እየነፉ በጎኔ ያልፋሉ። የታክሲ የሚሆን ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማዳሜ ትቆጣ ይሆናል እንጂ እጄን አልያዘችኝም። እጄን ባነሣ አንዱ ይቆምልኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሂጂ ሳልባል ሄጄ ስለማላውቅ፣ እንኳን ላደርገው አላሰብኩትም። ያ ሁሉ ንዴቴ ዞሮ እኔው ላይ መጣ።

«አላሰብኩትም» አልኳት። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ፣ ስልኩ ተቋረጠ።

ማዳሜ ኮፈኑን ዘጋች። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ያላ ግቢ» አለችኝ።

ገባሁ።