የሁለት ሰው ንባብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጤና ጣቢያዎች ጥገና ክፍል ኃላፊያችን ሠራተኞቹን ቆጠረ። ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን። መስክ የሚወጣው ሁለት ሁለት እየተሆነ ስለነበር ሦስት ጥንድ መድቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ተራፊ ነሽ» አለኝ። «ሰው እስኪቀጠር ብቻሽን ትወጫለሽ።»

ሰው ሳይቀጠር ጡረታ ወጣሁ።

የተረከብኩት አንድ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ሽቦ አቅፎ የሚለካ አንድ ክላምፕ ሜትርና መዝገብ ነበር። ጥንዶቹ ሁለት መለኪያ ስለሚይዙ አንዱ ቮልት ሲያነብ ሌላው አምፔር ያነባል። የእኔ ክላምፕ ሁለቱንም ይለካል፣ ግን በተራ ነው። ኦም፣ ማለትም ዕቃው ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ የሚለካበት በኩል ከእኔ በፊት ሞቷል። ስለዚህ የአንድን ዕቃ ተቃውሞ ስፈልግ ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍላለሁ፤ ኃይሉን በዋት ስፈልግ ሁለቱን አባዛለሁ።

ጠዋት ከአሶሳ በሚኒባስ እወጣለሁ፣ የቀረውን በባጃጅ። በየጤና ጣቢያው ለምሳ ሲጠሩኝ እጄ ቆሽሿል እል ነበር። ከቁጥር በቀር ምንም ሳልናገር የመሸባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ቤቴም ብቻዬን ስለነበርኩ ስሌቶቹን ማታ ደግሜ እሠራቸዋለሁ።

ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ መሣሪያ መቀቀያው አልሞቅ አለ ተብዬ ሄድኩ። መሣሪያው ካልተቀቀለ ማዋለድ አይቻልም። አዋላጇ ሲስተር ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ወደ አሶሳ ትልክ ነበር። አንዷ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ መውለዷን ነገረችኝ፤ እናትና ልጅ ደህና ነበሩ።

መቀቀያው ላይ 220 ቮልት፣ 2000 ዋት ይላል። በዚያ ስሌት 9.1 አምፔር መውሰድ አለበት፤ ተቃውሞው 24 ኦም ገደማ ይሆናል። ሶኬቱን ለካሁ፣ 218 ቮልት። ከዚያ መቀቀያውን አብርቼ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የብሬከር ሳጥን ሄድኩና ክላምፑን ሽቦው ላይ አስገባሁ። 6.6 አምፔር። አካፈልኩት፣ 33 ኦም ወጣ። ማሞቂያ ሽቦው ደክሟል፣ ይቀየር ብዬ ጻፍኩ።

ሽቦው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ወራት ሴቶቹ በባጃጅ ይሄዱ ነበር።

አዲሱን ገጥሜ ለካሁ። አሁንም 33። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አዲስ ሽቦ እንደ አሮጌው እኩል ሊደክም አይችልም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ሐዋ ወለሉን እየወለወለች ታየኛለች። የቤርታ ሴት ናት፤ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

«አንተ፣ መብራት አላየህም?» አለችኝ። «ይሄ ማሽን ሲነሳ መብራት ይተኛል። ወላሂ፣ ሁልጊዜ።»

መብራቱ ሲደበዝዝ አላየሁም፤ ከሶኬቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነበር። መቀቀያው ሲበራ እኔ ሁልጊዜ ኮሪደሩ ላይ፣ ክላምፑን ይዤ ነበርኩ። ቮልቱን የለካሁት ዕቃው ሳይበራ ነው፤ አምፔሩን የለካሁት ከበራ በኋላ። ያካፈልኩት የሁለት የተለያየ ጊዜ ቁጥር ነበር።

በማግስቱ ከግምጃ ቤት ሁለተኛ መለኪያ ፈርሜ አወጣሁ። ክላምፑን ሽቦው ላይ አስሬ ሐዋን ሳጥኑ አጠገብ አቆምኳት። ምንም እንዳትነካ፣ ቁጥሩን ብቻ እንድትጠራልኝ ነገርኳት።

«እኔ ዛሬ መሐንዲስ ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ ሶኬቱ ላይ ሆኜ አበራሁት። ከኮሪደሩ «ስድስት፣ ነጥብ ስድስት» አለች። እጄ ላይ ያለው 160 ቮልት ይላል።

160 ለ6.6 ሲካፈል 24 ኦም ነው። ማሞቂያው ደህና ነበር፤ አሮጌውም ደህና ነበር። ኃይሉን ሳባዛ 1056 ዋት ብቻ ነው፤ ለመሣሪያ መቀቀያ አይበቃም። የጎደለው 58 ቮልት ደግሞ በዚያው 6.6 ሲባዛ 383 ዋት ይሆናል። ዕቃው እንደበራ ሳጥኑ ላይ ስለካ ቮልቱ አልወረደም፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ሙቀት በሳጥኑና በሶኬቱ መካከል አንድ ቦታ እየወጣ ነበር።

ዋናውን አጥፍቼ ኮርኒሱን ከፈትኩ። በፕላስተር የተጠቀለለ የላላ የሽቦ መጋጠሚያ አገኘሁ። ፕላስተሩ ቀልጧል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ጠቁሯል። ከሥሩ የወለዱ ሴቶች የሚያርፉበት ክፍል ነበር። የዚያን ቀን አሶሳ ወልደው የተመለሱ ሁለት ሴቶች ተኝተውበታል።

መጋጠሚያውን ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ሠራሁት። ሐዋ እንደገና ጠራችልኝ፣ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ሶኬቱ 215 ቮልት ላይ ቆመ። ሲስተር በዚያው ሳምንት ማዋለድ ጀመረች።

አሶሳ ስመለስ ኃላፊው ሪፖርቱን አንብቦ፣ አሮጌው ሽቦ ተበላሽቶ ነበር ብትዪ ማን ያውቃል አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። የልኬት ስህተት የእኔ ነው ብዬ እንደጻፍኩት ቀረ። ጥንድ እንዲመደብልኝም በዚያው ወረቀት ላይ ጠይቄ ነበር። ለእሱ መልስ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በየደረስኩበት አንድ ሰው እጠራ ነበር። ዘበኛ ጠርቻለሁ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ጠርቻለሁ። ቁጥር አንብበውልኝ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሐዋ ጋ ስደርስ ግን ገና ከበሩ «መሐንዲስ መጣ» ትለኝ ነበር። እዚያ ምሳ እበላ ነበር።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ፦ ቮልትና አምፔር ዕቃው እየሠራ፣ በአንድ ጊዜ ይነበቡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡ።