ከተረፈው ሩቡ

የልጄ ልጅ ከቤት ሥራዋ ተነሥታ ጭማቂ ልትበጠብጥ የላስቲክ መለኪያ ጆጉን አወጣች። ቀያይ መስመሮቹን ሳይ የዚያ ክፍል ሽታ መጣብኝ፤ እርጥብ ካፖርት፣ የማርከር ቀለም፣ ማሞቂያው ላይ የሚደርቅ ጓንት።

ስዊድን፣ ስፖንጋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነበር፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ሲጀምሩ። የነርስነት ትምህርት ለመግባት የቀረኝ የሂሳብ ፈተና ብቻ ነበር። ከጎኔ አንድ የአገሬ ሰው ይቀመጥ ነበር። ኮሌጅ በር ደርሶ ስለተመለሰ «ኢንጂነሩ» እንለው ነበር፤ እሱም አልከለከለንም።

«አንቺ እኮ የምትችዪው የጉሊት ሂሳብ ነው» ይለኝ ነበር እየሳቀ። የፈተና ቀን ግን ድምፁ ይለሰልሳል። «እህትዬ፣ ወረቀትሽን ትንሽ ወደዚህ።»

እኔ የምጽፈው መልሱን ብቻ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጎበዝ የሚባለው መምህሩ በልምጭ ሲጠቁም በቃሉ ቶሎ የመለሰ ነበር፤ ወረቀት ላይ መዘርዘር የሰነፍ ነው።

የመጨረሻውን ፈተና አንድ ጥያቄ አልረሳሁትም። ጆጉ ውስጥ ሁለት ነጥብ አራት ሊትር ጭማቂ አለ። ልጆቹ ሲሶውን ጠጡ፤ ቀጥሎ ከተረፈው ሩቡን። ስንት ቀረ? ከአዳር ሥራ ሳልተኛ ነበር የመጣሁት። ሩቡን ከተረፈው ሳይሆን ከሙሉው ቀነስኩና «አንድ ሊትር» ብዬ ጻፍኩ። ትክክሉ አንድ ነጥብ ሁለት ነበር። ኢንጂነሩም «አንድ ሊትር» አለ፤ እሱ ግን ወደ ስህተቴ የሚያደርስ ስሌት በሚያምር ጽሕፈት ከላዩ ደርድሮበት።

መምህርቷ ሁለታችንንም ኮሪደር ላይ አቆመችን። ለእሷ ስሌት ያለው ሠሪ፣ ስሌት የሌለው ኮራጅ ነበር። ሌላ ጥያቄ ሰጥታ «እስቲ ሥሪው» ብትለኝ ይበቃኝ ነበር፤ አላለችኝም። እኔም የአገርን ሰው በባዕድ ፊት ማዋረድ ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ። ራሱ ይናገራል ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ። እሱ ግን በስዊድንኛ፣ ያዘነልኝ መስሎ፣ «ደክሟት ነው፤ ይቅር በያት» አላት።

እሱ አለፈ። እኔ ወደቅኩ፤ የነርስነቱም ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር አዛውንቶችን ሳጥብና ሳለብስ ጉልበቴ አለቀ። መድኃኒታቸውን የምትለካው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሴት ነበረች።

አሁን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጣቶቹ ኢንጂነሩን «ጋሼ» እያሉ ይነሡለታል። ባለፈው ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «እሷን ሂሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ» አላቸው። ሻዬን ጠጣሁ።

ልጅቷ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ መልስ ብቻ።

«እንዴት እንደደረስሽበት ጻፊ» አልኳት።

«ልክ ነው እኮ፣ አያቴ» አለችኝ በስዊድንኛ።

«ልክ መሆኑንማ አይቻለሁ። ጻፊው።»

በረጅሙ ተነፈሰችና እርሳሷን አነሣች። ጆጉን አጥቤ ደፋሁት፤ ከዚያ ወንበር ስቤ፣ የመጨረሻውን መስመር እስክትጽፍ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።