የሐምሌ ዜሮዎች

ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። ባልደረቦቼ እንዲህ ያለ ሰው የዝናብ ተመራማሪ መሆኑ ያስቃቸዋል፤ ዝናብ ትዕግሥት ይጠይቃልና። ጊዜው አምቦ እያስተማርኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራበት ነበር። የደንዲ ገበሬዎች ክረምቱ ተለወጠብን ይላሉ፤ የእኔ ሥራ ይህን በቁጥር ማጣራት ነበር።

የዝናብ መለኪያውን ግቢያቸው ውስጥ እንድተክል የፈቀዱልኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። «አባባ፣ አደራ» አልኳቸው፤ «በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እያነበቡ ደብተሩ ላይ ይጻፉልኝ። ካልዘነበም ዜሮ ይጻፉ። አንድም ቀን እንዳያልፍዎት።»

«እሺ መምህር» አሉና ደብተሩንና እስክሪብቶውን በፌስታል ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ ደብተሩን ስሰበስብ፣ ሐምሌ ላይ አስራ አንድ ዜሮ በተርታ ተደርድሮ አገኘሁ። በሐምሌ! ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን በአንድ አቀማመጥ የተሞሉ ይመስላሉ። የሳተላይቱ ምስል ደግሞ በእነዚያ ቀናት ደንዲ ላይ ደመና ያሳያል። አማካሪዬ ደብተሩን አገላበጡና «ሰውየው ገበያ ነው፣ ለቅሶ ነው ሲሉ ሳያነቡ ቀርተው ይሆናል። ይህን መረጃ ተወው፤ መለኪያውንም አምጣው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።

በማግሥቱ መለኪያውን የምይዝበት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፌ ጊንጪ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጊንጪ ዙሪያ ጤፍ ይታጨዳል። እሳቸው ሰፈር ስደርስ ግን ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። አላስተዋልኩትም። የምናገረውን እየተለማመድኩ ነበር የምሄደው።

«አካም ጅርታ፣ መምህር!» ብለው ተነሡልኝ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አባባ፣ እነዚህን ቀናት የት ነበሩ?» ብዬ ደብተሩን ገለጥኩላቸው።

«እዚሁ።»

«በሐምሌ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ጠብ ሳይል ቀረ? ሳያነቡ የሞሉት ከሆነ ይንገሩኝ።»

ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅሙ የነበሩት ባለቤታቸው እጃቸው ቆመ። አባቴ የሚሆኑ ሰው በገዛ ግቢያቸው ውሸታም ማለቴ ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። ከዜሮዎቹ ጎን፣ «አስተያየት» ብዬ በተውኩት ጠባብ ቦታ ላይ በአፋን ኦሮሞ የጻፉትን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይሄን አንብበኸዋል?»

«ማንበብ አልችልም» አልኩ። ለሚችል ሰው ማስነበብም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። «ደመና መጣ፣ አለፈ።» የሚቀጥለውም ቀን፣ «ደመና መጣ፣ አለፈ።» ስምንተኛው ላይ «የዘራሁት ጤፍ ደረቀ» ይላል። ከዜሮዎቹ ቀጥሎ፣ ጥቂት ዝናብ በተጻፈበት ቀን ደግሞ፣ «ዛሬ ደግሜ ዘራሁ።»

«ለምግብ ያስቀመጥነውን ነው» አሉ ባለቤታቸው ቀና ሳይሉ።

ሽማግሌው ደብተሩን ዘግተው እጄ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ በየጠዋቱ እዚያ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ ትንሽ ውሃ ባገኝ እያልኩ እጸልይ ነበር። ውሸት የምጽፍ ብሆንማ ኖሮ ዝናብ ነበር የምጽፈው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክረምት ተለወጠ ወይ ብዬ የሰው አገር ድረስ ሄጄ፣ ተለውጦ ሲጻፍልኝ አላመንኩም። ሳተላይቱ ያየው ደመናውን እንጂ ዝናቡን አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ተቀመጥኩ፤ አብረን ምሳ በላን። ዜሮዎቹ አንድም ሳይነኩ ጽሑፌ ውስጥ ገቡ፤ አማካሪዬም ነገሩን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። መለኪያው እስካሁን እዚያው ነው።

የዚያን ዕለት ልሄድ ስነሣ ግን ሽማግሌው ወንበሩ ሥር የተውኩትን ባዶ ማዳበሪያ አነሡት።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነው፤ ለጤፉ መያዣ ብዬ ነው ያመጣሁት» አልኳቸው።

መረቁኝ። በዚያ ግቢ ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እኔ የማውቀው ውሸት ያ ብቻ ነው።