እናትና ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል

የብርጓል ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ልትገባ ስትል፣ መሪጌታ አባቷ ከዘጌ በታንኳ መጥተው ወሰዷት።

«ዳዊት ደግመሻል፤ ዘመናዊውንም ቀምሰሻል። ለሴት ልጅ ይበቃል» አሏት። በዚያው ዓመት ተዳረች።

ባሏን ወባ ሲገድለው ልጇን አስማማውን አዝላ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ፈትል ክፍል ተቀጠረች። ከሥራ ስትመለስ ሳትገባበት በቀረችው ትምህርት ቤት አጥር በኩል ታልፋለች። በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ተማሪዎቹ ለዘመቻ ወጡና ግቢው ጭር አለ። በሰባ ደግሞ ከዘመቻ የተመለሱት ልጆች በቀይ ሽብር እየታፈሱ፣ እናቶች አጥሩ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አየች። ያን ጊዜ «እንኳንም አልተማርሁ» ብላለች፤ ኋላ ግን በቃሏ አፈረች።

የማታ ትምህርት ሲከፈት ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች። በሰማንያ ሁለት እሷ በማታ፣ አስማማው በቀን፣ ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኑ። ሒሳቡን የሚያስረዳት እሱ ነበር።

«እማ፣ አሁንም የመቀነሷን ምልክት ረሳሻት።»

«ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ውሎ ጭንቅላት ተረፈኝ ብለህ ነው?»

ይሳሳቃሉ። ማትሪክን አብረው ሊያልፉ ተማምለው ነበር።

ጥር ላይ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ጠበቀው። አስማማውና ጓደኛው አለበል አብረው ታፈሱ። የብርጓል የልጇን የትምህርት ቤት መታወቂያ ይዛ ወደ ጦር ካምፑ ሮጠች።

«ተማሪ ነው! ይኸው መታወቂያው!»

ዘበኛው ቀና ብሎ አላያትም። «እናቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ተማሪ ነው» አላት።

በነጋታው ልጆቹን ወሰዷቸው። የብርጓል ወደ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወደ አቶ አምሐ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ስሙን ከፈተናው እንዳይሰርዙብኝ። ይደርሳል።»

«አልሰርዘውም፣ ወይዘሮ የብርጓል» አሏት።

በሚያዝያ ፈተናው ደረሰ። እንደ የብርጓል ያሉ የማታ ተማሪዎች በግል ተፈታኝነት ከቀን ተማሪዎች ጋር አንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ፈታኙ ስም ሲጠራ «አስማማው ክንዱ!» አለ።

«ይመጣል» አለች የብርጓል ከኋላ።

የክፍል ጓደኞቹ አቀረቀሩ። ፈታኙ ትንሽ ጠበቀና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ነሐሴ ላይ አለበል በክራንች እየተደገፈ መጣ። የየብርጓል ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ግባ እንጂ ልጄ። አስማማውስ?»

አለበል መሬት መሬት አየ።

«መቼ ነው?» አለችው።

«በመጋቢት። ጉና ላይ። አጠገቤ ነበረ።»

የብርጓል ሚያዝያን አሰበች፤ አዳራሹን፣ ጥሪውን፣ የራሷን መልስ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት የሰማው ጩኸቷን ነው።

አቶ አምሐ ለቅሶ ሲደርሱ ጠጋ ብለው፣ ማትሪክን ማለፏን፣ መምህራን ማሠልጠኛ የሚያስገባ ውጤት ማምጣቷን ነገሯት። ደስ ይላታል ብለው አልነበረም፤ ሌላ የሚሰጧት ስላጡ ነው።

«ለማን ልንገረው?» አለቻቸው።

ማሠልጠኛ አልገባችም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የነበረውን የኪራይ ቤቷን ለቅቃ ወደ ዓባይ ማዶ ሄደች። ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት እግሯ ሳታስበው ወደ በሩ ይወስዳት ነበርና፣ ያንን አልቻለችውም።