ያላየውን አየሁ ያለው ዲሽ ሰሪ

ሰላሀዲን የባቲ ልጅ ነው። ሰመራ ከገባ ጀምሮ እንጀራው ጣሪያ ላይ ነው፤ ዲሽ ይሰቅላል። ከአሳይታ እስከ አዳይቱ የእሱ እጅ ያልነካው ሳህን ማግኘት ይቸግራል። ቆርቆሮው እጅ በሚልጥበት ሰዓት ሌላው ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ፎጣውን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሳህኑን የጥፍር ያህል ወደ ጎን፣ የጥፍር ያህል ወደ ላይ እያለ ሲግናል ያስሳል።

ሰው የሚወደው ግን ለሙያው ብቻ አልነበረም። አፋር አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጦ አይተላለፍም። ቁጭ ተብሎ የመጡበት አቅጣጫ ወሬ ይነገራል፤ የዘነበው፣ የደረቀው፣ የሞተው፣ የተጋባው። ዳጉ የሚሉት ይህን ነው። ወሬው እንዳለቀ አንዲት ጥያቄ አትቀርም፦ በዓይንህ ነው በጆሮህ? ዓይን ከሆነ ዓይን ተብሎ፣ ጆሮ ከሆነ ጆሮ ተብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። በዳጉ የዋሸ ሰው ውሃም ወተትም አይከለከልም፤ ወሬ ግን የሚጠይቀው የለም። መሀላቸው ተቀምጦ እንደሌለ ይቆጠራል።

መጤ ዳጉ እስኪጠየቅ ድረስ ብዙ ክረምት ያልፋል። ሰላሀዲንን መጀመሪያ የጠየቁት የአዳይቱ ሽማግሌ ያዮ ናቸው፤ በሀምዳ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ እሱ ገና መሰላሉን ሳያወርድ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለአሪፋ «ዛሬ ሰው ሆንኩ» አላት። እሷም እስከ ትናንት ታዲያ ያገባሁት ምን ነበር ብላ ሳቀችበት። ትሳቅበት እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ከዚህች ክብር የሚበልጥበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጣቢያዎቹ ወደ ኤችዲ ሊዞሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ምስሉ እንደ መስታወት ይጠራል፣ አሮጌው ሪሲቨር ግን ድምፅ እንጂ ምስል አይሰጥም ተባለ። ሰው ተጨነቀ። ሰላሀዲን አልተጨነቀም፤ አዋሽ ላይ አብዱናሲር አለው።

አብዱናሲር አዋሽ ከተማ የዲሽና የሪሲቨር ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ሰላሀዲን ባዶ እጁን ከባቲ ሲወርድ ያስጠጋው፣ ሙያውን ያስያዘው፣ በሰርጉም ሚዜ የቆመለት እሱ ነው። ደውሎ ሲጠይቀው ሳቀ። ሱቁ ውስጥ አሮጌውን ሪሲቨር ከአዲሱ ስርጭት ጋር አገናኝቶ እንደሞከረው፣ ጣቢያዎቹን እንደገና መፈለግ ብቻ እንደሚበቃ ነገረው።

«ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ» አለው። «ሰዉን አታስጨንቀው።»

በሳምንቱም አሮጌዎቹን ሪሲቨሮች በካርቶን በካርቶን አድርጎ በአይሱዙ ላከለት። ሰላሀዲን ይዟቸው ሊሸጥ አዳይቱ ሄደ። ሀምዳ፣ ሾፌር ሁሉ ለቴሌቪዥኗ ሲል የሚቆምባት ሴት፣ አዲስ ነገር መግዛት ካለባት ከአሁኑ እንዲነግራት ለመነችው። እሱም የሰማውን ለያዮ በዳጉ ተናገረ፤ አሮጌው ይሠራል፣ አትስጉ አለ። ሽማግሌው ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁ።

«በዓይንህ ነው በጆሮህ?»

ሰላሀዲን በጆሮዬ ማለት ነበረበት። ግን በጆሮዬ ቢል ሚዜውን የተጠራጠረ መሰለው፤ የአብዱናሲር ዓይን ከእኔ ዓይን በምን ይለያል ብሎ አሰበ።

«በዓይኔ» አለ።

ወሬው ከአዳይቱ ተነስቶ በግመል መንገዱ ሁሉ ሄደ፤ ሰላሀዲን አይቷል ተባለ። ሰዉም አሮጌዎቹን ሪሲቨሮች ገዝቶ ካርቶኖቹ ባዶ ሆኑ።

ስርጭቱ የተቀየረ ዕለት የሀምዳ ቤት ጢም ብሎ ነበር። የዜና አንባቢዋ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ መልኳ ግን የለም። ሰላሀዲን ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ሪሞቱን ነካካ፣ ጣቢያ ፈለገ፣ እንደገና ወጣ። ጥቁር ነው። ሰዉ የተሳደበ እንኳ የለም፤ አንድ በአንድ እየተነሳ ወጣ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በነጋታው አዋሽ ሄደ። አብዱናሲር ሱቅ ውስጥ አዲሶቹ የኤችዲ ሪሲቨሮች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል። አቧራቸውን አየ፤ ትናንት የመጣ ዕቃ እንዲህ አቧራ አይለብስም። ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ከስሩ ያለው ሪሲቨር አዲሱ ነው።

«በየትኛው ነው ያየኸው?» ብሎ ጠየቀው።

አብዱናሲር አላፈረም። አሮጌው ዕቃ እጁ ላይ ሊበሰብስበት እንደነበር፣ ከእሱ በቀር አፋሩ የሚያምነው ሰው እንዳላገኘ፣ አሁን ደግሞ አዲሱን እንደሚልክለት እየሳቀ ነገረው። ጥፋቱን ሳተላይቱ ላይ እንዲያላክክ መከረው። «ሳተላይቱ ተቀየረ በላቸው። አንተን ያምኑሃል» አለ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ሰላሀዲንን ግን መጣሉ ብቻ አይደለም የጎዳው፣ ተመልሰህ ውጣብኝ መባሉ ነው። በሰርጉ ቀን ከጎኑ የቆመው ሰው፣ ስሙን እንደ ካርቶን ዕቃ ማሸጊያ አድርጎት ኖሯል። ምርር ብሎት፣ ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ።

አዳይቱ ተመልሶ ያዮ ፊት ተቀመጠ። ሳተላይቱን አላነሳም።

«በጆሮዬ ነበር» አለ። «ዓይኔ ነው ብዬ ዋሸሁ።»

ሽማግሌው የማን ዓይን ነበር ብለው ጠየቁት። ስሙ ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ሚዜ ነው፤ ጨውና እንጀራ አለ፤ ደግሞስ እዚህ ተቀምጦ በዓይኔ ያለው አብዱናሲር ነው ወይስ እሱ ራሱ? «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ስሙን ዋጠው። ያዮ ራሳቸውን ነቀነቁና ሀምዳን ወተት አምጪለት አሏት። ጠጣ። ዳጉ ግን አልጠየቁትም፤ ከዚያም ወዲህ የጠየቀው ሰው የለም። ዲሽ ስቀልልን ይሉታል፣ መሰላል ይይዙለታል፣ አሪፋና ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ይሉታል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ የሚለው ግን የለም።

በክረምቱ አዋሽ ሄዶ ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ፣ ወደ አዳይቱ የሚወርደውን የአዋሽን ወንዝ ከድልድዩ ላይ አየው። ጭቃማ ውሃው ከዳር ዳር ሞልቶ ግንድ እየተሸከመ ይጋልባል። መኪናው ውስጥ ሆኖ ወንዝ ዳር የሰፈሩትን የአዳይቱ ከብቶች እያሰበ መቀመጫው ቆረቆረው። እንደደረሰ ሮጦ ያዮ ዘንድ ሄደ። ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው፣ ከብቶቹን ከወንዙ አርቁ አላቸው። ከዚያ ጥያቄዋን ጠበቀ። በዓይንህ ነው በጆሮህ ቢሉት፣ በዓይኔ ለማለት አፉ ተዘጋጅቶ ነበር።

ያዮ አልጠየቁም። ወተት አስመጡለት።

ወዲያው አንድ የተሳቢ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ያዮ ከጎናቸው አስቀምጠው ከአዋሽ ምን ወሬ አለ አሉት። ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ታች እየወረደ ነው አለ። በዓይንህ ነው በጆሮህ አሉት።

«በጆሮዬ ነው፤ እኔ ድልድዩን ያለፍኩት በጨለማ ነው» አለ ሾፌሩ። «አብዱናሲር የሚባል የዲሽ ነጋዴ ነው የነገረኝ። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎኛል።»

ያዮ ተነሱ፤ ሰዎች ጠሩ፤ ከብቶቹ ከወንዙ እንዲነሱ አዘዙ። ሰላሀዲን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜም በዓይኔ ብሎ የዋሸኝ ይሄው ሰው ነው ሊል ነበር። ግን ከተናገረ የአብዱናሲር ወሬ ይወድቃል፤ ወሬው ከወደቀ ከብቶቹ አይነሱም። አፉን መልሶ ዘጋና የሀምዳን ወተት እስከ መጨረሻው ጠጣ።