ጫማዋን የያዝኩበት በዓል

እናቴ እኔ ጋ፣ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ መኖር ከጀመረች ወዲህ ስለ ዝናቡ አማርራ አታውቅም። የከበዳት በዓል ነው። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በየጥምቀቱ ቤተ ክርስቲያኗ በር ድረስ በመኪና አደርሳትና ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ አውርጃት እመለሳለሁ። ዘንድሮ ከጥምቀት ሳመጣት ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ለፋሲካ አገሬ ልገባ ነው። ከገባሁም አልመለስ» አለችኝ።

«ምን ጎደለሽ እማዬ?»

«ምንም። እግዜር ይስጥሽ፣ ያጎደልሽብኝ የለም። በዓል ግን ብቻውን አይዋልም።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብላ ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

እኔና እሷ ስለ ሃይማኖት ካወራን መጣላታችን ስለማይቀር አናወራም። አንድ ላይ የምንወደው ግን የሐዋርያት ሥራ መጨረሻውን ነው፤ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ ደሴት ላይ ሲወጣ፣ ያገሩ ሰዎች በዚያ ዝናብና ብርድ እሳት አንድደው የተቀበሉትን። እማዬ እዚያ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ መነጽሯን አውልቃ «ሰው ማለት እንዲህ ነው» ትላለች። ደሴቷ የዛሬዋ ማልታ መሆኗን አውቅ ነበር። ዋና ከተማዋ ቫሌታ በየካቲት መጀመሪያ የዚያን መርከብ መሰበር በዓል አድርጋ እንደምታከብረው ግን ያወቅኩት ከዚያ ጥምቀት በኋላ፣ እንቅልፍ አጥቼ ስልኬን ስነካካ ነው። ኤቨረት ካለው ሥራዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። የእማዬ አዲሱ የአሜሪካ ፓስፖርትም ገና አንድም ማኅተም አላረፈበትም።

«የቫሌታውን ጉዞ ቡክ አድርጌዋለሁ፤ ካንስል ማድረግ አይቻልም» አልኳት። ይቻል ነበር።

ቫሌታ የማር መልክ ባለው ድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት። መንገዶቿ ቁልቁል ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ከየፎቁ በእንጨት የተዘጋ፣ አረንጓዴና ቀይ የተቀባ ሰገነት ወጣ ወጣ ብሏል። እማዬ ጉልበቷን ይዛ «መውረዱስ ይሁን፣ መውጣቱን ማን ይወጣልኛል?» እያለች ከእኔ ቀድማ ትወርዳለች። ከወደቡ በላይ ካለው የአትክልት ስፍራ ሆነን ባሕሩን ስናይ የቀትር መድፍ ተተኮሰ። አማተበችና ክንዴን ጨመደደችው።

«ምን ሆኑ?»

«ስድስት ሰዓት ሆነ ለማለት ነው።»

«ለሰዓት መድፍ?» አለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ዋለች።

ትልቁ ካቴድራል ውስጥ ወለሉ በሙሉ ባለቀለም እብነ በረድ የተነጠፈበት የባላባቶች መቃብር ነው። ቱሪስቱ አንገቱን አቅንቶ ወርቁንና ጣሪያውን ያያል፤ እማዬ የሰው መቃብር አልረግጥም ብላ በግድግዳው ጥግ ጥግ እየታከከች ዞረችው። እኔ መሐል ለመሐል ስሄድ ከዚያ ማዶ በዓይኗ ስትቆጣኝ ይታየኛል። በስተመጨረሻ እኔም ጥጉን ያዝኩ።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ነገ የሚወጣው የጳውሎስ ሐውልት መሆኑን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ታቦት መስሎኝ። የተቀረጸ ምስል ነው እንዴ የሚያከብሩት?» አለች። እኔም ብሆን የተቀረጸ ምስል ሲያጅቡ ማየት አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ በሃይማኖት ጉዳይ የተስማማነው በዚህ ነው። «ዳር ቆመን እናያለን» ብለን ተኛን።

በማግስቱ ያካፋል። ሕዝቡ ጠባቧን መንገድ ሞልቷታል፤ ከሰገነቶቹ ላይ የተቆራረጠ ወረቀት በእፍኝ በእፍኝ ይበትናሉ፣ ሙዚቀኞቹ ይነፋሉ። ደወሉ ተደወለና ሐውልቱ በወንዶች ትከሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ብቅ አለ። ያኔ አጠገቤ እልልታ ቀለጠ።

ዞር ስል እማዬ ናት። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ እልል ትላለች፣ እንባዋም ይወርዳል። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይስቁባታል ብዬ ፈራሁ። ከጎናችን የቆመች አንዲት የአገሩ አሮጊት የእማዬን እግር አየች፣ ቀና ብላ ፊቷን አየች፣ ከዚያ ጃንጥላዋን እማዬ ላይ ዘረጋችላትና እሷ ራሷ በዝናቡ ቆመች። ያችን ሴትዮ ዛሬም ስጸልይ አነሳታለሁ።

የሰው ግፊት ወደ ፊት ሲመጣ ጫማዋ ሊረገጥ ሆነ። ሐውልቱ ልክ ፊታችን ሲደርስ ጎንበስ አልኩ። ለጫማው ነው የጎነበስኩት፤ ከሩቅ ያየኝ ሰው ግን ሌላ ነገር ቢመስለው አልፈርድበትም። አንስቼ ኮቴ ውስጥ ሸሸግኩት፤ ሰልፉ አልፎ እስኪያልቅም ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩት ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ካደግኩ ወዲህ እናቴን በበዓል ቀን ቆሜ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ሳምቡሳ የሚመስለውን፣ አተር ያለበትን ምግባቸውን እየበላን «ለሐውልቱ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ሰውየው ከባሕር ለወጣበት፣ እነሱም እሳት ላነደዱበት ነው።»

«ገብቶኛል።»

«አንቺም እንዳልሰገድሽ ገብቶኛል» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ፋሲካ እኔ አልጠየቅኩም፣ እሷም አላነሳችም። በአውሮፕላንም፣ ሲያትል አርፈን በመኪና ስንመጣም ሌላ ሌላውን አወራን። ለምኛት እንድትቀር አልፈለግኩም፤ እንቢ እንዳትለኝም ፈርቻለሁ። ቤት ገብተን በሩ ጋ ጫማዋን ስታወልቅ ውስጡ ተጣብቆ የቀረ የዚያን ቀን ቁራጭ ወረቀት አገኘች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«የዛሬ ዓመት ለጥምቀት መኪናውን አጥፍተሽ ነው አብረሽኝ የምትወርጂው» አለች ቀና ሳትል። «ጫማዬን ማን ይይዝልኛል?»

«ፓርኪንጉ ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት እንወጣለን» አልኳት።