የታላቅ ቃል በታናሽ አፍ

ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም «ነጠላ ሰረዝ» ነበር። የቋንቋ መምህርት ናት። ስለ ሥርዓተ ነጥብ ስታስተምር ቀልድ አታውቅም፤ ስትናገርም በየመሀሉ ቆም ብላ ቃል ትመርጣለች። ስሙን ታውቀዋለች። በመምህራን ክፍል ውስጥ «አራት ነጥብ ያሉኝ ቀን አልቆልኛል ማለት ነው» እያለች ራሷም ትስቅበታለች።

ደናግል በሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማረች፤ እዚያው ተመልሳም ከሃያ ዓመት በላይ አስተማረች። በየዓመቱ ተመራቂዎች ሲሸኙ አንድ እንግዳ ተጠርቶ ምክር ይሰጣል። አንድ ጊዜ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ኳስ ተጫዋች። ኳስ ተጫዋቹ «እኔ እንኳ ትምህርት ብዙም አልወድም ነበር» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነጠላ ሰረዝ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። የእሷ ድርሻ ወንበር ማስደርደርና አመስጋኙን ተማሪ ማለማመድ ነበር። ቢጠይቋት ምን እንደምትል ግን ገና ድሮ ታውቀዋለች፤ ሳህን ስታጥብ፣ ታክሲ ስትጠብቅ በልቧ ስትለው ኖራለች።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህርቷ፣ ሁሉም በደፈናው «ሲስተር» የሚሏቸው አዛውንት መነኩሲት፣ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠሯት።

«ዘንድሮ ከራሳችን ቤት የወጣ ሰው ይናገርልን ብለን ወስነናል፣ ልጄ።»

ልቧ ዘለለ። «ርዕሱስ ምንድን ነው?»

«ትሕትናና እምነት። ልጆቹ ከዚህ ሲወጡ የሚደገፉበት ምርኩዝ ያስፈልጋቸዋል።»

ቆም አለች። ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ፣ «መቼም ሲስተር፣ እርስዎ ከጠየቁኝ…» አለች።

«አዎ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው» አሉ ሲስተር ፊታቸው በርቶ። «አንቺ ከለመንሽልን እህትሽ እምቢ አትልም።»

እህቷም በዚሁ ትምህርት ቤት የተማረች የዓይን ሐኪም ናት። በአራት ዓመት ታንሳታለች፤ ታላቅየዋ ዛሬም «ሚጡ» ትላታለች። ማንበብ ያስተማረቻት ራሷ ነበረች፤ ወር ሳይሞላ ግን ሚጡ ከእሷ ቀድማ ገጹን ትገልጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። መዝሙር ቢሆን ሚጡ፣ ሂሳብ ቢሆን ሚጡ፣ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጭን ላይ የምትቀመጠው ሚጡ። የሚገርመው ግን ማንም ታላቅየዋን የበደላት የለም። እናታቸው አላዳሉም። መምህርት መሆንን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ሥራዋንም ትወደዋለች። የሚከሰስ ሰው ቢኖር እፎይ ባለች ነበር። የሚከሰስ ስለሌለ ቅናቷ ማረፊያ አጥቶ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ። መጽሐፉ «ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው» ሲል ማንን እንደሚል ታውቃለች።

መልእክቱን ግን አደረሰች። ሚጡ በሳምንቱ መጨረሻ መጥታ ጫማዋን በር ላይ አወለቀችና ሶፋው ላይ ተዘረረች።

«እትዬ፣ ስለ ትሕትና ምን ልበል? እኔ የማውቀው የዓይን ሞራ መግፈፍ ነው።»

«ታዲያ ስለሱ ንገሪያቸው።»

«በናትሽ ጻፊልኝ። ሙሉ ሳምንት ቀዶ ጥገና ነው ያለብኝ። ደግሞ ቃል ያለው አንቺ ዘንድ ነው።»

ነጠላ ሰረዝ ጥርሷን ነክሳ ሻይ አቀረበች። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «እሺ» አለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ልትጽፍ ተቀመጠች። በልቧ ክፉ ሐሳብ ነበረ፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። ሰው የሚያስተኛ ንግግር ልትጽፍላት ነው። «ክቡራንና ክቡራት» ብላ ጀመረች፤ «ዓለም በከፍተኛ ፍጥነት በምትለዋወጥበት በአሁኑ ሰዓት» ብላ ቀጠለች። አንድ ገጽ ሞላች። መልሳ ስታነበው ራሷን አንገሸገሻት፤ ቀደደችው። በቅናት እንኳ መጥፎ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልሆነላትም። ከዚያ በልቧ ተጠራቅሞ የኖረው ሁሉ ወጣ። ጽፋ ስትጨርስ በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ የተሻለ እንደሆነ ገባት፤ ቆሽቷም አረረ። ይህን ሁሉ ለሚጡ!

የምረቃው ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጥቁር ካባ የለበሱት ተመራቂዎች ከፊት ተደርድረዋል፤ ወላጆች በፕሮግራሙ ወረቀት ያራግባሉ፤ የእመቤታችን ሐውልት ሥር ነጭ አበባ ተቀምጧል። ነጠላ ሰረዝ ከመምህራን ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሚጡ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ከሆስፒታል በቀጥታ ስለመጣች አንድ ጊዜ እንኳ አላነበበችውም ነበር።

ማንበብ ስትጀምር መራገቡ ቆመ። ድምጿ መልካም ነው፤ የት እንደሚከር፣ የት እንደሚላላ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። አንዲት እናት ዓይኗን ጠረገች። ከነጠላ ሰረዝ አጠገብ የተቀመጠው የስፖርት መምህር ጠጋ ብሎ፣ «እህትሽ አንደበቷ ማር ነው!» አላት። ከንፈሯ ከሚጡ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። በሰው ልብስ፣ በሰው ቤት፣ በሰው ትዳር የሚቀና ሞልቷል፤ በገዛ ቃሉ የቀና ሰው ግን ከእሷ ሌላ መኖሩን እንጃ።

«ትሕትና ማለት» አለች ሚጡ ከወረቀቱ ላይ፣ «ሌላው ሰው ሲመሰገን ክፍሉን ለቅቆ አለመውጣት ነው። እምነት ማለት ደግሞ ማንም ያላየልህን ሥራ አንድ ያየው አለ ብሎ…»

አቋረጠች። መስመሩን በዓይኗ ደገመችው። ቀና ብላ ሦስተኛውን ረድፍ ፈለገች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ዕድሜ ልኬን ስመሰገን የኖርኩ ሰው ነኝ። ክፍሉን ለቅቃ ያልወጣችው እህቴ ናት፤ እዚያ ተቀምጣለች። የጻፈችው ራሷ ትጨርሰው።»

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሲስተር በመሐረባቸው ዓይናቸውን እያበሱ፣ «አያችሁ? ትሕትና ማለት ይህ ነው! ዶክተር ሆና!» አሉ። የስፖርት መምህሩም፣ «እንዴት ያለች ትሑት ሴት ናት!» ብሎ ጮኸ።

ነጠላ ሰረዝ ሁሉንም ሰማች። ወንበሩ እሳት ሆነባት። ስንት ዓመት የቆፈረችው ጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያው ጣሳ የጠጣችው አሁንም ሚጡ ናት። ትሕትናውንም ወሰደችው! መድረኩን ብትለቅላት እንኳ የሚጨበጨበው ለለቀቀችው ነው።

ወጣች። ሚጡ መድረኩ ላይ አቀፈቻት፤ እሷ እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋች፤ ማንበብ ግን አቃታት። ዝም አለች። ተማሪዎቹ የተለመደው ነጠላ ሰረዝ መስሏቸው ኪኪኪ አሉ።

«ልጆች፣ የቀረውን ላነብላችሁ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ስለጻፍኩት አውቃለሁ።» ሳቁ ጨመረ። «ግን አሁን፣ እዚህ ቆሜ፣ በእህቴ ቀንቻለሁ። ደግ ነገር ስላደረገችልኝ ነው የቀናሁት።»

ሳቁ ተቆረጠ።

«ከዚህ በር ስትወጡ አንዳችሁ ይቀድማል፣ አንዳችሁ ይቀራል። የሚቀድማችሁ ሰው ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለ! ክፉ አይሆንም። የምትወዱት ጓደኛችሁ ነው የሚሆነው። ያን ቀን ትሕትናን ከውስጣችሁ ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ። እኔ ዛሬ አጥቼዋለሁ። ስታጡት ለምኑ። በየጠዋቱ ጸሎት ቤት የምታዩኝ ትሕትናን ስለምን ነው፤ ቢኖረኝማ ምን አስለመነኝ? ስለ እምነት የማውቀው ይህንኑ ነው። ባዶ እጅን ይዞ በእግዚአብሔር ፊት መቆም አያሳፍርም። ሌላ የምላችሁ የለኝም።»

ወረደች። ጭብጨባው የሳሳ ነበር። ሲስተር ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። ከኋላ አንድ አባት «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ምክር ነው?» ሲል ተሰማ። መርሐ ግብሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሚጡን ከቦ ፎቶ ይነሣ ጀመር፤ ነጠላ ሰረዝን ገፍተዋት የሚያልፉም ነበሩ።

በዚያ ግርግር መሀል አንዲት ተመራቂ መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁለተኛ እየወጣች የጨረሰች ልጅ ናት፤ አንደኛዋ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ።

«ቲቸር፣ ይለቃል?»

«ምኑ?»

«ቅናቱ።»

ነጠላ ሰረዝ አሰበች። የሚዋሽበት ሰዓት አልነበረም። «እኔን አልለቀቀኝም። ግን አሁን ሲመጣ በስሙ እጠራዋለሁ። ድሮ ‹ፍትሕ› ነበር የምለው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እና ምን ላድርግ?»

«ሂጂና ከጓደኛሽ ጋር ፎቶ ተነሺ።»

«ደስ ሳይለኝ?»

«ደስ ሳይልሽ። ደስታው ቢዘገይም አንቺ አትዘግዪ።»

ልጅቷ ሄደች። ከርቀት ስታያት ጓደኛዋ ትከሻ ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ አፏን ጠመም አድርጋ ፈገግ ብላለች። ፈገግታው ለፎቶ የሚሆን አልነበረም፤ እጇን ግን አላነሣችም።

ሚጡ በመኪናዋ ልታደርሳት ግድ አለች። ነጠላ ሰረዝ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ መንገዱን ብቻ እያየች ሄደች።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ታኮርፊኛለሽ?»

«ምንም ስለማታጠፊ ነዋ!» ብላ ፈነዳች። «እኔን ለማክበር ብለሽ እንኳ የምትመሰገኚው አንቺ! አንድ ቀን በወጉ ብታስቀይሚኝ ምን አለበት? እኔም እንደ ሰው ልቀየምሽ!»

ሚጡ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቅ አፈናት፤ መኪናውን ዳር ይዛ አቆመች፤ መሪው ላይ ተደፍታ እስክታነባ ሳቀች። ነጠላ ሰረዝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ልታኮርፍ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

ሳቁ ቅናቱን አልገደለውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚጡ ለአንድ ስብሰባ ወደ ውጭ አገር ስትጋበዝ ያው ነቀዝ አጥንቷ ውስጥ ተላወሰ። ነጠላ ሰረዝ ወሬውን በስልክ ስትሰማ ቆም አለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፤ ቀጥላም፣ «ቀንቻለሁ፤ እስከ ነገ ታገሺኝ» አለች። ሚጡም ታገሠቻት። በማግስቱ ጠዋት፣ ነጠላ ሰረዝ ከጸሎት ቤቱ ወጥታ ወደ ክፍሏ ከመግባቷ በፊት፣ መልሳ ደወለችላትና ሻንጣ ስለማሰናዳት አወሩ።